በጋይንት በኩል ያለፉ መልእክተኞች

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በሠረገላ ተጭኖ አብሯቸው ነበር። መንገዳቸው በጋይንት አቋርጦ ወደ ዋድላና ደላንታ ይዘልቃል። መድፉ የሚያልፍበት ጎዳና ስላልነበረ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ፣ መንገዱ ከፊት ከፊት ይሠራ ነበር። በእግረኛ የጥቂት ቀናት መንገድ የሆነው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ንጉሡ የሚተማመኑባቸው ነጭ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከአገራቸው የወጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር።

የላካቸው በባዝል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ማሠልጠኛ ነው። አሳቡን የጠነሰሰው ደግሞ በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነበር። ጎባት በወጣትነቱ፣ በ1830 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀምጧል፤ ከሊቃውንቱም ጋር ተከራክሯል። ከዚያ ተሞክሮው ተነሥቶ ያወጣው ዕቅድ የዋህ ነበር ማለት ይቻላል፦ ሰባኪ ከመላክ ይልቅ አናጢና አንጥረኛ ይላክ፤ እየሠራ ይኑር፣ በአማርኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ያድል፣ ኑሮው ይስበክ። ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን በዚህ መንገድ መጡ፤ ዋልድማየርና ዛልሙለርም ተከተሏቸው። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ክርስቲያኑን ሕዝብ ከሃይማኖቱ እንዳያናውጡ ታዘዙ፤ ለቤተ እስራኤል እንዲሰብኩ ግን ተፈቀደ፣ ያመነው በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ተወስኖ።

ከዚያ ንጉሡ እጃቸውን አዩ። መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እንደማያውቁ ቢናገሩም አልተለቀቁም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ፣ ተሳካላቸው።

በእነዚህ ሰዎች መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን ፍርዱ ከእነሱ አልፎ ዛሬም የሚደርስበት ሰው አለ። ሰጪ ሆኖ የሚመጣ መልእክተኛ ከስጦታው የትኛው እንደሚወሰድለት አይመርጥም። ተቀባዩ ኀይለኛ ከሆነ የሚያስፈልገውን ራሱ ያነሣል። ደካማ ከሆነ ደግሞ የማያስፈልገውንም እያመሰገነ ይቀበላል፣ ይህኛው ይበልጥ ያሳዝናል።

ጋይንት ግን ስለ እምነት የሚደረግ ሌላ ዓይነት ጉዞ ያውቃል፤ ከጋፋት ሰዎች በፊትም ነበረ፣ ከእነሱም በኋላ አልተቋረጠም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ዙር አባ አረጋዊ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ነው፤ ቅዱስ ያሬድ እዚያ እንደ ደረሳቸው በትውፊት ይነገራል። በእስቴ በኩል ቆማ ፋሲለደስ በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ የተነሣ ደቀ መዝሙር ወደነዚህ ቦታዎች ሲመጣ የሚያመጣው ነገር የለም። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ለውሻ የሚሆን ዘንግ ይዞ በማያውቀው መንደር ደጃፍ ላይ በእመቤታችን ስም ይለምናል። የባለጠጋ ልጅም ቢሆን ይለምናል። ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቃሉን በጆሮው ይቀበላል፣ ሲስት ይታረማል፣ ደግሞ ይስታል። ድጓ ዓመታት ይወስዳል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሚያኖረው የሌላ ሰው እንጀራ ነው።



ይህን ልመና ለተለየ ክብር የሚያበቃው አገሩ ራሱ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የዝናብ እጥረትና የመሬት መራቆት የሚፈራረቅባቸው፣ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ የታቀፈባቸው ወረዳዎች ናቸው። እርዳታ የሚሰፈርላት እናት ከማድጋዋ ዘግና ለማታውቀው የቆሎ ተማሪ ትሰጣለች። የውጭ ድርጅት በሪፖርቱ ተረጂ ብሎ የሚመዘግባት ሴት የአንድ ሙሉ የትምህርት ሥርዓት ደጋፊ ናት። ይህን ሳያይ ወደ ጋይንት የሚመጣ ክርስቲያን፣ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ የመጣበትን ቤት አላወቀም።

ጌታ ሰባ ሁለቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልካቸው ኮረጆና ከረጢት እንዳይዙ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ በተቀበላቸው ቤት እንዲቆዩ ማዘዙን ሉቃስ ጽፏል። ያ ጉዞ አጭር ነበር፤ ሄደው በደስታ ተመለሱ። ስለዚህ የአጭር ጊዜ ተልእኮ ነውር አይደለም። ነውሩ ትእዛዙን ገልብጦ፣ ከረጢትን ሞልቶ፣ የቀረበውን ሳይበሉ፣ ቤት ሠርቶ መመለሱ ላይ ነው።

ይህ ከሩቅ የሚወረወር ወቀሳ ብቻ አይደለም። ሚች የተባለው ማዕበል በ1998 እ.ኤ.አ. ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ሄዱ። ከርት ቨር ቢክ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በኋላ ባለቤቶቹን ጠየቀ። እንግዶች በሠሩት ቤት የሚኖሩትና የአገሬው ድርጅት በሠራው የሚኖሩት በሕይወታቸው ላይ ያየው ልዩነት አልነበረም። ተጓዦቹም ቢሆኑ ከተመለሱ በኋላ የጸሎትና የምጽዋት ልማዳቸው ያሰቡትን ያህል አልተለወጠም።

ከጋፋት ሰዎች አንዱ የሆነው ዋልድማየር ግን ከሚሠራው ይልቅ አብሮ መኖሩ እንደሚበልጥ ሳይረዳ አልቀረም። አማርኛ ተማረ፤ የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ የጋፋት ማኅበር አብሮ አበቃ፣ እሱም ከጦሩ ጋር ወጣ። የመድፍ ሠሪነት ስሙ ግን የሕይወቱ መጨረሻ አልሆነም። ሊባኖስ ገብቶ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ። በእርጅናው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን፣ በሰንሰለት የሚታሰሩትን የአእምሮ ሕሙማን አሰበ፤ በአስፉሪያ ለእነሱ ሆስፒታል አቆመ። በሽተኛው በሃይማኖቱ አልተመረጠም። በ1915 እ.ኤ.አ. የሞተው እዚያው ሊባኖስ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ዛሬ አቅጣጫው ተገልብጧል። በድጓና በቅዳሴ የሠለጠኑ ካህናት፣ ሰባኪዎችና ዘማሪዎች ከኢትዮጵያ ተነሥተው በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ይጠራሉ። ለንግሥ በዓል ይደርሳሉ፣ ጉባኤ ይዘረጋሉ፣ በቀናት ውስጥ ይመለሳሉ። ጥሪው መልካም ነው፤ ሕዝቡ ተርቧል። ግን እዚያ ያለው ልጅ አማርኛው የሚንተባተብ፣ በሌሊት ፈረቃ ሠርታ የምትገባ እናት ያሳደገችው፣ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ያለው ልጅ ነው። ተጋባዡ መድረኩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከዚያ ቤት ማዕድ ቢቀርብ፣ እናቲቱ እንዴት እንደምትጾም ቢጠይቃት፣ ልጁ ያስቸገረውን ቢያደምጥ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ወደዚያው ቤት ቢመለስ መልካም ነው፤ ቤተልሔም ሄዶ ደጅ የጠናባቸው ዓመታት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ጋባዦቹም የአዳራሹን ኪራይና የአውሮፕላን ቲኬቱን ከማስላታቸው በፊት የሚያርፍበትን ቤት ይምረጡለት፤ ከሆቴሉ ይልቅ ልጆች ያሉበት ቤት ይሁን።