ሥራ ፍለጋ የበላቸው ሁለት ዓመታት

የአክስቴ ልጅ ሥራ በማጣቱ አይደለም የምቆጨው። በ2011 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲወጣ ሥራ ማጣት የሱ ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ አብረውት ከተመረቁት ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው እናታቸው ቤት ተመልሰዋል። አንጀቴን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሥራው ብቻ ሳይሆን ጊዜው፣ ወዳጁ፣ ሙያውና በራሱ ላይ የነበረው እምነት አብረው ሄዱ። ሥራው ባይገኝ እንኳ እነዚህ ሊተርፉ ይችሉ ነበር። አሁን ይህን ማንሳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ቢሆንም ዝም ብል አይወጣልኝም።

ነገሩን ላለማጣመም ስለ ገበያው አስቀድሜ ልናገር። ልጁ ምህንድስና የገባው አገሩ ሁሉ መሐንዲስ ይፈለጋል በሚባልበት ዘመን ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወስኖ ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በጣት ከሚቆጠሩት ተነስተው ከ40 በላይ ሆኑ። እሱ ግቢ ሲገባ መንገዱ ይቆፈራል፣ ኮንዶሚኒየሙ ይቆማል። ሲወጣ ተቋራጩ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዕቃ ማስገባት አቅቶት ያሉትንም ሠራተኞች ይቀንሳል። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ። በዚህ መሃል የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ «0 ዓመት» የሚል ብርቅ ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ለሁለት ሰው ቦታ የተሰለፈው ተመራቂ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ አዳራሽ ተከራይተው፣ ማይክ ጨብጠው፣ ችግሩ ያለው አንተ ውስጥ ነው እያሉ ሥራ ፈላጊውን ከሚያስጨበጭቡት ሰዎች ወገን አይደለሁም። (የመግቢያውን ዋጋ በሰማሁ ቁጥር ከተሰብሳቢው ስንቱ ከእናቱ ተበድሮ መጥቶ ይሆን እላለሁ።) ጤናማ አስተሳሰብ ሥራ አይፈጥርም። ሥራው እስኪመጣ ግን ሰውየውን ሳይሰበር ያቆየዋል። የአክስቴ ልጅ ያጣው ይህን ነው፤ ዙሪያውን የነበርነውም ልንሰጠው ስንችል አልሰጠነውም።

ቤታቸው ጀሞ ነው። ጠዋት አክስቴ የታክሲ ትሰጠዋለች፤ እሱ ማህደሩን በብብቱ ይዞ አራት ኪሎ ይወርዳል። እዚያ ጋዜጣ በኪራይ የሚነበብበትን ቦታ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ያለ አይመስለኝም። አጥር ሥር ተቀምጦ የማስታወቂያውን ገጽ ያገላብጣል፣ አድራሻውን ይጽፋል፣ ጋዜጣውን ይመልሳል። ከዚያ ኮፒ ቤት። ከዚያ ሰልፍ። ከሰዓት ቴሌግራም፤ ማታም ቴሌግራም፤ እንቅልፍ እስኪጥለው ቴሌግራም። የተቀጠረ ሰው እንኳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ከቢሮው ይወጣል፤ እሱ ግን ከሥራ ፍለጋ ወጥቶ አያውቅም። ለዛሬ በቃኝ የሚልበት ሰዓት ስላልነበረው፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ውሎም ማታ እንደ ሰነፍ ራሱን ይወቅሳል። ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ፈልግ፣ የቀረው ቀን ያንተ ነው፣ ተማርበት፣ ሰው እይበት፣ ኳስም ተጫወትበት ያለው ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲጫወት ያገኘው የእናቱ ጎረቤት ምን እንዳለው ግን አውቃለሁ።

በ2007 ዓ.ም. ግድም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ጥናት አለ። ከመሃል ከተማ ርቀው ከሚኖሩ ወጣቶች ለአንዱ ቡድን መሃል ከተማ መጥቶ ሥራ የሚፈልግበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌላውን ቡድን ሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚመለስ አሠለጠኑት፤ ችሎታውን ፈትነውም የምስክር ወረቀት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም መደበኛ ሥራ ለማግኘት ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በገቢ የታየው ለውጥ በሠለጠኑት ላይ ነበር፤ ምንም እገዛ ካላገኙት በ20 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ያገኙ ነበር። የትራንስፖርቱ ገንዘብ በገቢ ላይ እንዲህ ያለ ዱካ አልተወም። ይህን ሳነብ የታየኝ አክስቴ በየጠዋቱ ከመቀነቷ ፈትታ የምትቆጥረው ብር ነው። የታክሲውን ሳታጓድል ሰጠችው። ሲቪውን ግን አጠገቡ ተቀምጦ ያነበበለት አንድ ሰው ከቤተሰቡ አልተገኘም፤ ቢሮ የምንውል ሰዎች ሞልተን።

ያ ሲቪ ምን ይላል? ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫና የሚቋቋም። ለሁሉም መሥሪያ ቤት ያው አንድ ወረቀት፣ ስሙ ብቻ እየተቀየረ፤ አንዳንዴም ሳይቀየር። ይህ ልጅ በኢንተርንሺፕ ጊዜው በቶታል ስቴሽን የቅየሳ መሣሪያ ሠርቷል። የአንድ ሠፈር የጎርፍ መውረጃ ቦይ በአውቶካድ ነድፏል። ፎርማኑ ታሞ በቀረ ጊዜ የኮንክሪት ሙሌት ላይ ቆሞ አስሞልቷል። አንዱም ወረቀቱ ላይ የለም። በኋላ ስጠይቀው «ያማ ትምህርት ነው እንጂ ልምድ አይደለም» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዜሮ አምጥቶ ራሱ ላይ ለጥፎት ነበር።

ሳይጠሩት የቀሩትንም እንዲሁ ነው የቆጠራቸው። እያንዳንዱ ዝምታ እሱን መርምሮ የጣለ ፍርድ መሰለው። ለአንድ ቦታ ያን ያህል ወረቀት ሲጎርፍ አብዛኛው ተነቦ እንደማያልቅ፣ ለአንዳንዱ ቦታም ማስታወቂያው ሳይወጣ ሰው እንደተያዘለት ከማንም ይልቅ እሱ ያውቃል፤ ሰልፍ ላይ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ማወቁ ግን ለሌላው ሲሆን ነበር የሚሠራው። ጓደኛው ሲቀር «ሰው የለውም» ይላል፤ እሱ ሲቀር «እኔ አልረባም»። ስንት ቦታ አመለከትኩ፣ የትኛውን ሲቪ አሻሻልኩ፣ ማንን አነጋገርኩ ብሎ የራሱን ሥራ ቢቆጥር ኖሮ ቢያንስ በእጁ ያለ ነገር ይቆጥር ነበር። እሱ የቆጠረው የሌሎችን መልስ ነው።

ከሁሉ የከፋው መደበቁ ነው። እኛ ጋ ሥራ ያጣ ሰው ሰላምታ የለውም፤ ሰላምታው «እህሳ፣ ሥራ ያዝክ?» ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ፣ ሠርግ ላይ ሲቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው ነው። «አንተ ልጅ፣ አሁንም እቤት ነህ?» ያሉት የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ወንድም ነበራቸው፤ ይህን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ። ልጁ መጀመሪያ ሠርግ ቀረ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ቀረ፣ በመጨረሻ ሱቅ የምትላከው ታናሽ እህቱ ሆነች።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አነጋግሮ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ከግማሽ በላዩ ሥራውን ያገኘው በሰው ነው። አገናኛቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የልብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ወሬ የሚያመጣልህ ሌላ ቦታ የሚውለው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ የት እናገኘዋለን? ድንኳን ውስጥ ነው፤ በለቅሶውም በሠርጉም። «ሰው የለኝም» እያለ የሚያማርር ልጅ ሰው ከሚገኝበት ቦታ ሁሉ በእፍረት ሸሸ። ሰው ማወቅ ሲባል ጉቦና አድልዎ ብቻ እየመሰለው፣ የት ቦታ ምን እንደተከፈተ የሚነግረውን ተራ ሰው አብሮ ጣለው።

ይህ የሱ ብቻ ድክመት ነው እንዳልል የሚያደርገኝ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ቪየና አጠገብ ማርየንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች፤ የጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ሕዝቡን አጥንተው በ1933 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ያነባል ብለህ ትጠብቃለህ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣው መጽሐፍ ግን በእጅጉ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ሰዓት ይዘው በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ፍጥነት ለኩ፤ ወንዶቹ ዝግ ብለው ይራመዱ፣ ቶሎ ቶሎም ይቆሙ ነበር። ጠዋት ምን ሠራህ ሲባሉ የሚመልሱት የጠፋቸው ብዙ ናቸው። ቀኑን የሚያቆመው ምሰሶ ሲወድቅ ትርፍ ጊዜውም አብሮ ይወድቃል። ታዲያ ከ80 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ጀሞ ላይ ለአንድ ልጅ ሳይነገር መቅረቱ አያስቆጭም?

እንግዲህ ይህ መደበቅ ያስከፈለውን አንድ የስልክ ጥሪ ላንሳ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመስኖ ሥራ የያዘ አንድ ተቋራጭ የጽሑፍ ፈተና ሰጥቶ ነበር። ልጁ ተፈተነ፤ ወራት ሲያልፉ እንደ ሌሎቹ ቀረ ብሎ ተወው። ፋሲካ ደረሰ። በበዓል ከየአቅጣጫው የሚደውለው ዘመድ እንኳን አደረሰህ ብሎ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያችን ጥያቄ እንደሚያመጣ ያውቃል። ከጸሎተ ሐሙስ በፊት ስልኩን ዘጋው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሲከፍተው ከማያውቀው ቁጥር ተደጋግሞ እንደተደወለለት የሚገልጽ መልእክት ገባ። ደወለ። አንዲት ሴት በትሕትና አነጋገረችው። ፈተናውን አልፎ ነበር፤ ውል እንዲፈርም ነበር የተፈለገው። «ስናጣህ ጊዜ ተጠባባቂውን ጠራን፤ ትናንት ወደ ሳይት ወጥቷል» አለችው።

ሥራ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሥራው ራሱ በሩን አንኳክቶ፣ እሱ ከዘመድ ተደብቆ ሳለ ነው ያለፈው። እሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ አክስቴ ስታለቅስ የወቀሰችው እሱን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አንድ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ከገዛ ዘመዶቹ የበዓል ሰላምታ እንደ ባለዕዳ እስኪሸሽ ድረስ ማድረሳችን ነው። ማናችን ነን «ሥራ ያዝክ?» ከማለት ይልቅ «ሰሞኑን ምን እየተማርክ ነው?» ያልነው?

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሥራ ያዘ፤ አሁን የአንድ መንገድ ተቋራጭ የቢሮ መሐንዲስ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ከተመረቀ በኋላ ያሉትን ዓመታት አሳይተው ምን ትሠራ ነበር ብለው ጠየቁት። «ሥራ እፈልግ ነበር» አለ። ሌላስ? ሌላ አልነበረም። ከዚህ ቢሮ ሳይት ለሚወጡት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ደመወዙም የውሎ አበሉም የሚሻለው እነሱ ጋ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስንት ባዶ ከሰዓት ነበረው! መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ባለፈው ዓመት ነው፤ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ።