ጼፋ ነው ወይስ ሌላ?

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል የለ? ወላጆቻችን ባደጉበት የጎንደር ገጠር ሐኪም ቤት ሩቅ ነበር፤ ስለዚህ እባብ ሲታይ ወይ መሸሽ ወይ መግደል ነበር ዘዴው። እዚህ የተወለዱት ታናናሾቻችን ግን ሦስተኛ ነገር አምጥተዋል፦ "ላሳድገው!"

የ12 ዓመቱ ወንድሜ ከፔሳሕ በኋላ ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ሜዳ አንድ እባብ ውስጡ በሚያሳይ የፕላስቲክ ሣጥን ዘግቶ አመጣ። አባቴ ወዲያው አካፋ አነሡ። እባቡ ጭንቅላቱን አጠፍጥፎ፣ ሦስት ማዕዘን አስመስሎ እፍ ይል ነበር። "ይሄማ ጼፋ ነው" አሉ። ጼፋ በእስራኤል ብዙ ሰው የሚነድፈው መርዘኛ እባብ ስለሆነ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም።

ሣጥኑን ሳንከፍት ተመለከትነው። የጼፋ ሰውነት ወፍራም ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉት ጥቁር ቡናማ ምልክቶች ተያይዘው እንደ ጠመዝማዛ መስመር ይሄዳሉ፤ የዓይኑ ብሌንም ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። የእኛው ግን ቀጭን፣ ጅራቱ ረጅም፣ ብሌኑ ክብ ነበር፤ ነጠብጣቦቹም እንደ ሳንቲም ተለያይተው ተደርድረዋል። ፎቶውን ያየው ፈቃድ ያለው እባብ ያዥ "ዛዓማን ማትቤዖት ነው" አለን። ይህ እባብ ለሰው አደገኛ መርዝ የለውም፤ ጠላት ሲመጣበት ጼፋን ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚገደለውም በዚሁ መመሳሰል ነው።

"እንግዲያው የእኔ ነው!" አለ ወንድሜ። አይደለም። በ1955 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ጥበቃ የሚደረግለትን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን፣ ቤት ማኖርንና መሸጥን ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ነው። ከሜዳ የምትነሣዋ ኤሊም እንደዚሁ ናት። ወንድሜ አለቀሰ፤ ያዡ ግን ሲለቀው አብሮ እንዲያይ ወሰደው። አባቴም አካፋውን አስቀምጠው ተከተሉ።

ቤተሰቦቻችሁ ጋር ይህን ተነጋገሩ፦ እባብ ካያችሁ ራቁ፣ በእጅ አትያዙ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትግደሉ። የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ስልክ *3639 ነው። ሰው ከተነደፈ ደግሞ 101 ደውሉ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ሐኪም ቤት አድርሱ። እንደ ድሮው አጥብቆ ማሰር፣ መብጣትና መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አያድንም። ይህን ለወላጆቻችን በአማርኛ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው።