ታቲቪልን ማፍረስ ማንን ጠቀመ?

ተበድሮ ቤት የሠራ ሰው ቢከስር ቤቱ ይሸጣል ወይም ይከራያል፤ ቢያንስ ቆሞ ይቀራል። የፈረንሳዊው ፊልም ዳይሬክተር የዣክ ታቲ ከተማ ግን ፈረሰችና ዕዳዋ ብቻ ቀረ። ታሪኩን ባነሣሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ኮንክሪቱ ፈስሷል፣ መስታወቱ ተገጥሟል። ከዚያ በኋላ ማፍረስ ለማን ምን ፈየደ?

ከተማዋ ታቲቪል ትባል ነበር። ታቲ «ፕሌይታይም» የተሰኘውን ፊልም ሲያስብ በመጀመሪያ እውነተኛ ቦታ ላይ መቅረጽ ፈልጎ ነበር። ግን የኦርሊን አውሮፕላን ማረፊያ ለወራት ዘግቶ ማን ይሰጠዋል? ስለዚህ የራሱን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኝ ባዶ መሬት ላይ የብረትና የመስታወት ሕንፃዎች ተተከሉ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃው በእርግጥ ይሠራል፤ መብራቱ የሚመጣው ከራሷ ማመንጫ ነው። አንዳንዶቹ ሕንፃዎች ካሜራው በፈለገው አቅጣጫ እንዲገፉ ተደርገው ተሠሩ። በርቀት ከሚታዩት ሰዎች መካከል ደግሞ በሰው ቁመት የተቆረጡ የካርቶን ምስሎች ነበሩበት። ወጪው በዛ ለሚሉት ሁሉ ታቲ መልስ ነበረው፤ አንዲት እንደ ሶፊያ ሎረን ያለች ኮከብ ከምትጠይቀው ክፍያ አይበልጥም ይል ነበር።

ይህን ያህል የደፈረው ሰው ጀማሪ አልነበረም። የሩሲያ ዘር ያለው ዣክ ታቲሼፍ በ1907 ተወለደ። በልጅነቱ የአባቱን የሥዕል ፍሬም ሙያ ተማረ፣ ራግቢ ተጫወተ፤ በኋላም በመድረክ ላይ ስፖርተኞችን ያለ ቃል በማስመሰል እንጀራውን መብላት ጀመረ። በ1949 የወጣው የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ «ዡር ደ ፌት» በብስክሌት ስለሚሮጥ የገጠር ፖስተኛ ነው። በ1953 በባሕር ዳርቻ ስለሚያልፍ የዕረፍት ጊዜ በሠራው ፊልም ረጅሙን፣ ፒፓ ከአፉ የማይለየውንና ወደ ፊት አዘንብሎ የሚራመደውን ሙሴ ኡሎ የተባለ ገጸ ባሕርይ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1958 ያወጣው «ሞን ኦንክል» («አጎቴ») በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አሸነፈ። ሆሊውድ ሲጋብዘው የጠየቀው ነገር ሰውየውን ያሳያል፤ በድምፅ አልባው ዘመን ሰውን ያሳቁትን ማክ ሴኔትን፣ በስተር ኪተንንና ስታን ሎረልን ማየት ፈለገ። ፈረንሳይ በእጇ የያዘችው እንዲህ ያለ፣ ሙያውን ከሥሩ የሚያውቅና የሚያከብር ሰው ነበር።

«ፕሌይታይም» በታኅሣሥ 1967 ታየ። ዋና ተዋናይ የለውም፤ ጀግናው ሕዝቡ ነው። ፊልሙን ላላየ አንድ ቦታ ልጥቀስ። ሮያል ጋርደን የተባለው ምግብ ቤት ቀለሙ ሳይደርቅ ይከፈታል። ኡሎ ከመስታወቱ በር ጋር ይጋጭና በሩ ይደቃል። በረኛው ምን ያድርግ? የተረፈችውን ትልቅ የናስ እጀታ በአየር ላይ ይዞ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሌለውን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግዶቹም አመስግነው ያልፋሉ። አንድም ንግግር ሳያስፈልግ፣ በአንዲት እጀታ ብቻ፣ በመስታወት ስለተከለለ ዘመን ይህን ያህል ያለ ሌላ ፊልም አላውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ የመስታወት በር ዘወር ሲል የኤፍል ማማ ነጸብራቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የድሮዋ ፓሪስ በፊልሙ ውስጥ የምትታየው እንዲህ በነጸብራቅ ብቻ ነው።

ተመልካቹ ግን አልመጣም። የሙሴ ኡሎ ወዳጆች ኡሎን ፍለጋ ገብተው በሕዝብ መካከል አልፎ አልፎ ብቅ ሲል ብቻ ስላዩት ቅር አላቸው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የነበረው ፊልም ሊያተርፍ ይችላል ተብሎ ተቆረጠ፤ ተቆርጦም አላተረፈም። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየው በ1973 ነው፤ ያኔ ዕዳው ታቲን ከጣለው ቆይቷል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ትናንት ያጨበጨቡለት ዛሬ ትዕቢተኛ አሉት።

ሐቁን ለመናገር ታቲም ጥፋት አለበት። ፊልሙን በ70 ሚሊሜትርና በስቴሪዮ ድምፅ ካልሆነ አላሳይም ብሎ ድርቅ አለ፤ ይህን መሣሪያ የያዘ ሲኒማ ቤት ደግሞ ጥቂት ነበር። ገበያው የሚያውቀውን ኡሎን ሆን ብሎ አሳነሰው። ከሁሉ የከፋው ግን የቀድሞ ፊልሞቹን መብት ለብድሩ ማስያዙ ነው። አንድ ፊልም ሲወድቅ ሌሎቹም አብረው ተያዙ፤ የቤተሰቡ ቤት ተሸጠ፤ ለሃያ ዓመታት የለፋባቸው ሥራዎች ለዓመታት በአበዳሪዎች እጅ ታስረው ተቀመጡ። ፖስተኛውን፣ የባሕር ዳርቻውን፣ አጎትየውን ለአንድ ከተማ ሲል አስያዘ። አንድ አስተዋይ ጠበቃ እጁን ቢይዘው ኖሮ ያሰኛል።

ይሁን፤ ሰውየው ሒሳብ አያውቅም እንበል። ከተማዋስ ምን አጠፋች? ታቲ የወደፊት ተስፋውን ሲናገር ቦታዋ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች የመቅረጫና የመማሪያ ስፍራ ሆና እንድትቀር ይመኝ ነበር። ምኞቱ ቅዠት አልነበረም። ፈረንሳይ ያኔ በስመ ጥሩው ደራሲ በአንድሬ ማልሮ የሚመራ የባህል ሚኒስቴር ነበራት፤ ለፊልም ሠሪዎች ከገቢ በፊት ገንዘብ የሚያበድር ሥርዓትም ከ1959 ጀምሮ ዘርግታለች። ካሜራ ተከራይተው በየመንገዱ የሚቀርጹ ወጣቶች ሞልተዋል። አስፋልቱ የተነጠፈ፣ መብራቱ የተዘረጋ ከተማ በዋና ከተማዋ ጥግ ቆሟል። የቀረው በሩን ከፍቶ «ግቡ» ማለት ብቻ ነበር። አልተባለም። ቀረጻው ሲያበቃ ቦታው ለመንገድ ሥራ ተፈለገና ታቲቪል ተደረመሰች። መንገዱን ጥቂት መቶ ሜትር ማዞር አይቻልም ነበር? ኪራይ አስከፍሎ ዕዳውን ቀስ በቀስ ማቃለልስ? ይህን ሳስብ ነው እርር ድብን የምለው። በከተማዋ መፍረስ አበዳሪም አልተከፈለ፣ ታቲም አልዳነ፣ ወጣቶቹም አልተጠቀሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በ1971 «ትራፊክ»ን ሠራ። በ1974 ለስዊድን ቴሌቪዥን «ፓራድ» የተሰኘ የሰርከስ ዝግጅት በአነስተኛ ወጪ፣ በአብዛኛው በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸ። ከተማ የገነባ ሰው ወደ ድንኳን ተመለሰ። «ኮንፊዩዥን» የተባለ ሌላ ጽሑፍ በእጁ ነበረ፤ ገንዘብ የሚሰጠው ጠፍቶ ሳይቀረጽ ቀረ። ኅዳር 1982 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ኦስካር ካሸነፈው ፊልም እስከ ሞቱ በነበሩት 24 ዓመታት የሠራቸው ረጅም ፊልሞች ሦስት ብቻ ናቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ክብሩ ኋላ መጣ። በ1977 የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት የሆነውን ሴዛርን በክብር ሰጡት፤ ግን ሽልማት ካሜራ አይከራይም። ሲሞት ደግሞ እድሳቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ፊልሙ በቀለምም ተቀርጾ ሳለ በወቅቱ ማተም ስላልተቻለ በጥቁርና ነጭ ብቻ ታይቶ ነበር፤ ልጁ ደክማበት በ1995 በቀለም ወጣ። «ፕሌይታይም» በ2002 ታድሶ በ70 ሚሊሜትር ታየ፤ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ያየው ሙሉ ፊልም ዛሬ የለም። የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በ2022 ሐያሲያንን አሰባስቦ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ሲያስመርጥ «ፕሌይታይም» 23ኛ ሆነ። በ1967 ወንበሩ ባዶ የነበረው ፊልም ማለት ነው።

ዛሬ ስለ ታቲ ክሥረት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሰውየው ግትርነት ነው። እኔ ፍርዱን በሌላ በኩል አየዋለሁ። ታቲ ሒሳቡን ተሳስቶ በስሙ የተጻፈ ዕዳ ተሸከመ፤ ስሕተቱን በቤቱ፣ በፊልሞቹና በቀሪ ዕድሜው ከፍሎበታል። ከተማዋን ለማትረፍ ሥልጣንም ገንዘብም የነበራቸው ግን አንድ ሳንቲም አልከፈሉም፣ አንድም ቀን አልተጠየቁም። የእሱ ስሕተት ቢያንስ «ፕሌይታይም»ን ትቶልናል፤ የእነሱ ስሕተት የተወልን አንድም ነገር የለም።