ስሙ በማን ስም ተመዝግቧል?

ዛሬ ጧት ሳንሱሲ ሠፈር ያለውን የንዋያተ ቅድሳት ሥራ ቤቴን በር ገና ከፍቼ የዋንዛውን ግንድ ከፀሐይ ወደ ጥላ በማዛወር ላይ ሳለሁ፣ የባህል ልብስ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ስልኳን እንደ ጨበጠች መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሱቄን ቁማርተኛ ተከራይቶብኛል» አለችኝ። ተቀብዬ ብመለከተው፣ የጥበብ ቀሚስና የጋቢ ፎቶ ይታይበት በነበረው ድረ ገጿ ላይ የባዕድ አገር የቁማር ማስታወቂያ ቀይና ቢጫ መብራቱን እያብለጨለጨ ይዘላል። እርሷን ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቃት የገበያው መቅረት አልነበረም፤ አድራሻውን በፌስታሏና በደረሰኟ ላይ አሳትማ ለሰበካ ጉባኤው አባላት ሁሉ አድላው ስለ ነበር፣ «ቄሰ ገበዙ የመዘምራኑን ልብስ ሊያዙ ከፍተው ይህን ቢያዩ ምን እመልሳለሁ?» ትላለች፤ ይህን ብላም ጭንቀቱ ሳይለቃት ራሷ ቀድማ ሳቀች፣ እኔም ተከተልኋት።

ነገሩን ስንመረምረው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ገጹን የሠራላት ወጣት ዶሜይኑን፣ ማለት የገጹን የአድራሻ ስም፣ ያስመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነው፤ እርሱም ወደ ውጭ አገር ከሄደ ወዲህ ስልኩ አይሠራም፤ የዓመቱ ክፍያ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ለእርሱ እንጂ ለእርሷ ስላልሆነ፣ ስሙ ጊዜውን ጨርሶ ተለቀቀ፤ የተለቀቀ ስም እየጠበቁ የሚገዙ ሰዎችም ወዲያው አነሡት። የዶት ኮም ስም ከመዝገብ ከወጣ በኋላ እንኳ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የሚቤዡበት የ30 ቀን ዕድል አለ፤ ነገር ግን መቤዠት የሚችለው በመዝገቡ ላይ ስሙ የሠፈረው ሰው ብቻ ሲሆን፣ እርሷ ለዓመታት የከፈለችበት ንብረት በመዝገቡ ላይ የእርሷ ሆኖ አያውቅም።

ወጣቱን አልወቅሰውም፤ በከተማችን ያለው ልማድ ይኸው ነውና። የሚያንገበግበኝ፣ የሱቁን ቁልፍ ለገዛ ወንድሙ እንኳ ሳያስፈርም የማይሰጥ ጠንቃቃ ነጋዴ፣ ስሙን፣ ፎቶውን፣ የደንበኞቹን ዝርዝር፣ ከነይለፍ ቃሉ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ በሰላም መተኛቱ ነው። ስለዚህ ነው አነስተኛ ነጋዴ ድረ ገጹን ራሱ ይሥራ፣ ባይሠራው እንኳ ራሱ ይጠብቀው እያልሁ እዚህ የምሰብከው። መሥራቱማ የጥቂት ሳምንታት የማታ ሥራ ነው፤ ዎርድፕረስን የመሰለ በነጻ የሚገኝ መሣሪያ እያለ ማንም ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይደርስበታል። ድካሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅዳሜ ማታ ፕለጊኑን አፕዴት ማድረግ፣ ባክአፑን አውርዶ በፍላሽ መያዝ፣ ፍላሹንም ከደረሰኙ ጥራዝ ጋር በመሳቢያ መቆለፍ፣ በስልክ የተነሣውን አራትና አምስት ሜጋባይት የሚመዝን የአትሮንስ ፎቶ ከሁለት መቶ ኪሎባይት በታች ማሳነስ፤ ምክንያቱም ገዢው ገጹን የሚከፍተው በገዛ ገንዘቡ በሞላው ዳታ ነው።

ክፍያውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ የሆስቲንጉ ዋጋ በዶላር አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቢሆንም አልተውሁትም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል በቆየ ጊዜ፣ እኔ ከሳንሱሲ ሆኜ የገዛ ገጼን ማየት ሲሳነኝ፣ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ስለ ነበር የዋሽንግተን ዲያቆናት መቋሚያውንና ስልክ ቁጥሬን እያዩ ይደውሉልኝ ነበር፤ በዚያ ክፉ ሰሞን የሠራተኞቼ ደመወዝ የተከፈለው ከዚያ በተገኘው ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ ወደ ዶሜይኑ ጉዳይ ልመለስ ስል ሌላው ቁስሌ ተነካብኝና እርሱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጎረቤታችንን የቀድሞ ገጽ ቅጂ ፈልጌ ባገኘው፣ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ብቻ ነው! ሻጯ አማርኛ ተናጋሪ፣ ገዢዋ የኮልፌና የአስኮ ሰው፣ ሸማው ከሽሮ ሜዳ የመጣ፤ ታዲያ ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማን ነው? ቀድሞ ምክንያት ነበር፤ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ሥርዓት ይደረድሩት ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ነገር ግን ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መደብ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ በዓለም ሁሉ የታወቀ ቁጥር ከተሰጠው ወዲህ፣ አቢሲኒካንና ኖቶን የመሳሰሉ ፎንቶችም በነጻ ከተለቀቁ ወዲህ፣ ማናችንም የምናመካኝበት ነገር የለንም። ለዚያ የደከሙ ሊቃውንትና ባለሙያዎች ዋጋቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው፤ የእኛ ድርሻ የተሰጠንን ፊደል መጠቀም ብቻ ነው።

በአማርኛ ስትሠሩት ደግሞ ከባዕድ የመጣው ዝግጁ መሣሪያ የማያውቀው ብዙ ነገር ትደርሱበታላችሁ። እኔ በገጼ ላይ ትንሽ የመፈለጊያ ሣጥን አለችኝ። ደንበኛው «ፀናፅል» ብሎ ሲጽፍ፣ በመዝገቡ የሠፈረው «ጸናጽል» ነውና ሣጥኗ «ምንም አልተገኘም» ብላ ታሰናብተው ነበር፤ ጸናጽሉ ከኋላዬ ተሰቅሎ ሲያንሿሽግ! ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ድምፅ ለኮምፒውተር ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሠን ከሰ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር ከግእዝ እስከ ሳብዕ የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ጻፍሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛው እንደ ለመደው ቢጽፍም የፈለገውን ያገኛል። በገጹ ላይ የሚነበበው ግን በሥርዓቱ የተጻፈው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለምትገለገልበት ንዋይ ፊደሉንም ማክበር ይገባልና። ይህን ሰንጠረዥ ተቀጣሪ ሠሪ አያስብላችሁም፤ ደንበኛው ባዶ እጁን ሲመለስ የሚቈጨው የሱቁ ባለቤት ነው።

«ከሳንሱሲ ጓሮ ምን ድረ ገጽ አለ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ከዘነበ ወርቅ ሠፈር ተነሥታ፣ ከአሮጌ ጎማ ሶልና ከእጅ ሽመና ጨርቅ የተሠራ ጫማ በኢንተርኔት ለዓለም የሸጠችውን ቤተልሔም ጥላሁንን አስቡ፤ ሶልሬብልስ የተባለውን ድርጅቷን የመሠረተችው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነበር፤ የዛሬው ቴሌብር የለም፣ የዛሬው ፈጣን መስመር የለም። እርሷ ያን ጊዜ ካደረገችው፣ እኛ ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ ቢያንስ ስማችንን በስማችን ማስመዝገብ እንዴት ያቅተናል?

ለጎረቤታችን አዲስ ስም በራሷ ኢሜይል ተመዝግቦላታል፤ ፌስታሉ እንደገና ይታተማል። ድረ ገጽ ያላችሁ የሠፈር ነጋዴዎች፣ ስሙ በማን ስም እንዳለ የማታውቁ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ኑና አብረን እንይ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። ኢሜይል የሌለው እዚሁ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉን ግን ለእኔም አይንገረኝ።