ሁለቱ ደራሾች

ሰኔ ገና መግባቱ ነው። ሳንጃ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰባት ልጆች ልብሳችንን ድንጋይ ላይ ጥለን የሳንጃ ወንዝ ውስጥ እንንቦራጨቃለን። ወንዙ ደግሞ ወንዝ ለመባል የሚያፍር ነው፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ ከወገባችን አያልፍም።

ከላይ በኩል አንድ ፍየል ጠባቂ እየሮጠ መጣ። «ደራሽ! ደራሽ! ውጡ!» ይላል። ቀና ብለን ሰማዩን አየን። «ዝናብ በሌለበት ምን ደራሽ አለ?» ብለን ሳቅንበት። እሱም ሲደክመው ድንጋይ ይወረውርብን ጀመር። በኋላ እንደገባኝ፣ ድንጋዩ ከወንዙ እንዲያስወጣን ነበር። እኛ ግን ለጠብ የመጣ መስሎን ውሃ ረጨንበት።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማን፤ ዳገት የያዘ ከባድ መኪና ይመስላል። የእርጥብ አፈር ሽታም መጣ። ስድስታችን ወጣን። ሰባተኛውም ወጥቶ ነበር፤ ግን ቁምጣውን ረስቶ ተመለሰ። አዲስ ቁምጣ ነበረች። ጥሏት ቢሄድ እናቱ እንደሚገርፉት ያውቃል።

ከእንግዲህ ያለውን አላረዝመውም። ውሃው ጭቃ፣ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። እሱን ይዞት ሄደ።

ያን ዕለት ሳንጃ ላይ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ከኛ በላይ፣ ደጋው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ካለ ግራር ሥር ይቀመጡ ጀመር። ጥጣቸውን እየፈተሉ ወደ ደጋው ያያሉ። ሰማዩ ከላይ ከጠቆረ፣ «እናንት ልጆች! ደጋው ጠቁሯል፤ ውጡ!» እያሉ ይጮሃሉ። አንዳንድ ቀን ውሃው ይመጣል፤ ብዙውን ቀን አይመጣም። ልጆች «እብድ» አሏቸው። አንድ ቀን እኔም ከማዶ ሆኜ፣ «የጠቆረው ለርስዎ ነው!» አልኳቸው። ጓደኞቼ ሳቁ። እሳቸው ምንም አልመለሱልኝም፤ እንዝርታቸውን ማሾራቸውን ቀጠሉ። ይህን ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ፊቴ ግን አሁንም ይግላል።

ለትምህርት ወደ ጎንደር እስክሄድ ድረስ በዚያ መሻገሪያ ሌላ ልጅ ውሃ ሲወስደው አላየሁም።

ያኔ ልብ ያላልኩት ቃሉን ነው። ደጋ ዘንቦ ቆላ ላይ ሳይታሰብ የሚመጣውን ጎርፍ «ደራሽ» እንለዋለን። ለተቸገረ ሰው ፈጥኖ የሚመጣውንም «ደራሽ» እንለዋለን። «ደራሽ የለኝም» ያለች ባልቴት ጎርፍ አላማራትም፤ ሰው ነው ያጣችው። አማርኛችን ገዳዩንና አዳኙን በአንድ ስም ጠርቶ ቁጭ ብሏል። ምናልባት ሁለቱም ስለሚሮጡ ይሆናል። ጥያቄው ማን ይቀድማል ነው።

በዚያ ሰኔ ውሃው ቀደመ። ሰውም ዘግይቶ ቢሆን ደረሰ። ወንዶቹ ዘንግ ይዘው ሦስት ቀን ወንዙን ወደ ታች ተከተሉት፤ ልጁን አግኝተውም ቀበሩት። ውሃው የዳር ዳሩን ማሳ ጠርጎት ስለነበር ዘር ከየቤቱ ተሰፍሮ ተዋጣ። የእናቱን ማሳ ማንም ሳይለምን፣ ማንም ሳይለመን በደቦ አረሱት። ሐዘኑን አላነሣላቸውም። ግን በዚያ ዓመት አልተራቡም። መልሶ መቋቋም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም ነበር።

ስሙን የሰማሁት ከ1998 ዓ.ም ክረምት በኋላ ነው። ያን ክረምት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ሐምሌ 29 ለ30፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ድሬዳዋ ተኝታ ሳለ ደቻቱ መጣ። ደቻቱን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ግመልም ይመላለስበታል፤ ይነገድበታል። በዚያ ሌሊት ግን ከደቡብ፣ ከሐረርጌ ተራሮች የዘነበውን ሁሉ ሰብስቦ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። ያ ሐዘን ሳይበርድ፣ በነሐሴ የኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው ፈጀ። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ ርብና ጉማራ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ የጣና ዙሪያ ገበሬ ከነከብቱ ተፈናቀለ።

ሦስቱን አስተያዩዋቸው። የድሬዳዋን ጎርፍ የሐረርጌ ደጋ ላከው። ኦሞ ውሃውን የሚያገኘው ከዳሰነች እጅግ ከራቀ ደጋ ነው። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። እንግዲህ ጉዳቱ የደረሰው አንድ ቦታ፣ ዝናቡ የጣለው ሌላ ቦታ ነው። ደጋው አልዶለተም። ግን ተራራ ዛፉንና ሣሩን ሲያጣ ዝናቡን የሚይዝበት የለውም፤ እንደተቀበለው ያወርደዋል። ከታች ያለው ሰው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ሰላም ነው» ይላል። ልክ እንደኛ እንደ ሰባቱ ልጆች።

ታዲያ ከዚያ ክረምት በኋላ ስለ ጎርፍ በተዘጋጀ አንድ ዐውደ ጥናት ላይ ተገኘሁ። አዳራሹ ጥሩ ነው፤ ሻዩም ብስኩቱም በሰዓቱ ይመጣል። «ባለድርሻ አካላት» የሚለው ቃል ከአበሉ እኩል ይጠራል። ላሾፍ ተዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥኩት። አንዱ አቅራቢ ግን ተነሥቶ ስለ «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» አራት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ መረጃው ከላይ ወደ ታች ከውሃው ቀድሞ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ ይነገር። ሦስተኛ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ይንገረው። አራተኛ፣ ሰሚው ነጋሪውን ይመነው።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያ ባዶ እግሩን የመጣ ፍየል ጠባቂ ሦስቱን አሟልቶ ነበር። ከላይ መጣ፤ ከውሃው ቀደመ። በቋንቋችን ተናገረ። «ውጡ» አለ። የጎደለችው አራተኛዋ ናት፤ እሷም የጎደለችው ከኛ ነው። አላመንነውም።

ድሬዳዋ ከአደጋው በኋላ የደቻቱን ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሠርታለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግንብ ሰው ተኝቶ ሳለም ይቆማል። ግን ግንብ በየተራራው ሥር አይገነባም። ቀሪው የሰው ሥራ ነው።

የሰው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2016 ዓ.ም ጎፋ አሳየን። በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባለው ቀበሌ፣ ዝናብ የጠገበ ተራራ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሮጠ። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ ፖሊሱ፣ ጎረቤቱ ደረሱ፤ በዶማና በእጃቸው አፈር ይዝቁ ጀመር። ሐምሌ 15፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ከሞቱት ከ220 የሚበልጡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። ሁለቱ ደራሾች አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። እኔ ደግሞ የምለው አጣሁ፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች አራተኛዋን አሟልተው ነበር። የጮኸውን አምነው መጡ። «ባይሄዱ ኖሮ» ማለት አልችልም፤ ባይሄዱ ኖሮ ሌሎች ሰዎች ይሆኑ ነበር። የምችለው ይህን ማለት ነው፦ አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ውሃ እንደጠጣ ነውና ገና አልጨረሰም። ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ ይቁም። ደራሽም ደራሽ ያስፈልገዋል። ግራር ሥር እንደተቀመጡት ሴትዮ ያለ ሰው፣ እብድ ቢባልም።

«ይሄ የኛ የድሆች ጣጣ ነው» የሚል ካለ፣ እኛ በ2017 ዓ.ም መስቀልን በምናከብርበት በመስከረም 17 ቀን አሜሪካ የሆነውን ልንገረው። ሄሊን የተባለች ማዕበል ከባሕር ተነሥታ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታ የአፓላቺያን ተራሮችን መታች። «ማዕበል የባሕር ዳር ሰዎች ጉዳይ ነው» ሲሉ የኖሩ ደገኞች ነበሩ። በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። መንገድ ተቆረጠ፤ ስልክ ጠፋ። አሽቪል የተባለችው ከተማ የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ ለማግኘት ከ50 ቀን በላይ ጠበቀች። መኪና መድረስ ባቃተው ቦታ መድኃኒትና ምግብ ያደረሰው ማን መሰላችሁ? በቅሎ! ሄሊኮፕተር በሞላበት አገር ሰው በቅሎ ጭኖ ተራራ ወጣ። ይህን ያነበብኩ ዕለት፣ የሰሜንና የወገራ በቅሎዎች ቢሰሙ ምን ያህል ይኮሩ ነበር አልኩ። ሀብት ግንብ ይሠራል፤ የተቆረጠውን መንገድም ቶሎ ይጠግናል። በመጀመሪያው ቀን ግን የትም አገር የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ጎረቤት የሚባለው ነገር ነው። በቅርቡ ሳንጃ አካባቢ ካለ ዘመዴ ጋር በስልክ ስናወራ፣ ባለፈው ክረምት የሆነ ነገር አጫወተኝ። ሌሊት ነው። ዝናብ ይጥላል። ከታች በኩል «ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ማንም አልወጣም። እሱም አልወጣም።

«ምነው?» አልኩት።

«አንተ እዚያ ሆነህ ምን ታውቃለህ! እገታ ነው፣ ተኩስ ነው የሚባልበት ጊዜ ነው። ሌሊት ሲጮህ ሰው በሩን መክፈት ትቶ መቀርቀሪያውን ነው የሚያጠብቀው።»

ሲነጋ ሲወጡ ሽፍታ አልነበረም፤ ደራሽ ነበር። ውሃው የአንድ ሽማግሌ ቤት ግድግዳ አፍርሶ ፍየሎቻቸውን ወስዷል። እሳቸው ከነሚስታቸው ጉብታ ላይ ወጥተው አድረዋል። ጎረቤት ሁሉ አፍሮ ተሰበሰበ፤ ጭቃ ተቦካ፤ ግድግዳው በሁለት ቀን ቆመ። ሽማግሌው ለሁሉም ቡና አስፈሉ። ከዚያ፣ «ለጭቃው መጣችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ የጠራኋችሁ ግን ሌሊት ነበር» አሉ። ዘመዴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ወረደ።

አስቡት። ድሮ ቁጭ ብለን የሳቅነው ልጆች ስለነበርን ነው። አሁን በር የሚዘጋው አዋቂ ሰው ነው፤ ለመዝጋቱም በቂ ምክንያት አለው። ጎርፍ ግድግዳ ያፈርሳል፤ ፍርሃት ደግሞ አራተኛዋን ነጥብ ያፈርሳታል። ግድግዳን በሁለት ቀን ያቆማሉ፤ ይህችን ግን በስንት ቀን?

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አልኩት።

ተሰብስበው መከሩ። አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ለውሃ ከሆነ አይጮህም፤ ቸርኬው ይመታል። ቸርኬ ከተመታ ሁሉም ይወጣል፤ ማንም ብቻውን አይወጣም። ደጋው ጠቁሮ ያየም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ይመታል። ውሃው ባይመጣም አይሳቅበትም። ይህችን የመጨረሻዋን ማን እንዳስጨመራት ጠየቅሁት፤ አላስታወሰም።

«እስካሁን ተመትቶ ያውቃል?»

«አንድ ሌሊት ተመታ። ውሃው ብዙም አልነበረም፤ መንገዱን ነክቶ ተመለሰ።»

«ስንት ሰው ወጣ?»

«ኧረ ሁሉም! አንዳንዱማ ጫማውን እንኳ አላደረገም» ብሎ ሳቀ።

እናንተስ ሰፈር ቸርኬው የት ነው የተሰቀለው?