የወሰን ልጅ ነኝ

“ከቀጨኔ ነሽ?” አለችኝ ሴትየዋ፣ ጀበናውን ገልብጣ እያየች። ባዛር ላይ ነበርን።

“ኧረ አይደለሁም! የወሰን ልጅ ነኝ።”

አፌ ቀደመኝ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው የተሸጠውን በጋዜጣ ይጠቀልሉ ነበር።

ሸክላ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእኔ ዘመዶች ጭቃ የነካ የለም። ካገባሁ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወሰን በመገናኛ አድርጌ ቀጨኔ እወጣለሁ። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። አማቴ መዘውር አያውቁም፤ ቅርጹን የሚያወጣው እጃቸው ነው። ጠንፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። ከዚያ እሳት። እኔን ያስለቀሰኝ የጀበናው አንገት ነው፤ ስቀጥለው ይወድቃል፣ ስቀጥለው ይወድቃል። “ምን አስቸኮለሽ? ሆዱ ሳይጠና አንገት አይቀጠልም” ይሉኛል።

አንድ ሰሞን ስለ ክርስቲን መክሆርስ አነበብኩ። በ1948 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ የተወለደች የናቫሆ ሴት ነበረች። ሸክላውን የተማረችው ግን ከባሏ አያት ነው፤ ባሏ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካለው የታኦስ ፑዌብሎ ሕዝብ ነበር። በሚካ በሚያብለጨልጨው በእነሱ አፈር ሠርታ ስሟ ተጠራ። ደስ አለኝ፤ ለካ ብቻዬን አይደለሁም!

ግን ሲያድር ከነከነኝ። ፑዌብሎዎቹ በሸክላቸው ይኮራሉ። እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ “ቡዳ” ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ ግን ማዕድ ቤት አልገባም። አማቴ ልጅ ሳሉ ምሳ ሲያወጡ የሠፈር ልጆች ጀርባቸውን ይሰጧቸው ነበር። የእኔን ሥራ ሰው “ጥበብ” ይለዋል። ዋጋውም ከእሳቸው እጥፍ ነው፤ አንገቱ የተጣመመው ሳይቀር። “ዘመናዊ ነው” ይሉኛል እኮ!

ያን ቀን በታክሲ ስንመለስ አማቴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ አወሩ። እኔ ይቅርታ ልል አስቤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ምን ብዬ? “እማማ፣ ስለ አፈርኩብዎት ይቅርታ” ይባላል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ጭቃዬ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠበቀኝ።

“ያቺ ሴትዮ ሁለት ጨምሪልኝ ብላለች” አሉኝ ዱካውን እየገፉልኝ። “የወሰን ጀበና።”

አልሳቁም።