ጥርት ያለ ድምፅ

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ባልና ሚስት በጊታር ድምፅ ምክንያት ሊጣሉ እንደሚችሉ ያውቃሉ? እኛ ተጣልተናል።

አሰላ በጭላሎ ተራራ አጠገብ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ማታ ማታ ከቤት መውጣት ስለማያስመኝ ጊታር እለማመዳለሁ። አንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜ በስልኩ የጃፓን ሮክ አሰማኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተው የቶ ቡድን ሙዚቃ ነበር። ከበሮው ይሮጣል፤ ጊታሩ ግን ክሩ አንድ በአንድ ይሰማል። ዜማውም ለጆሮዬ ባዕድ አልሆነብኝም። ለካስ የቀድሞ የጃፓን ዜማዎች ብዙ ጊዜ እንደኛ ትዝታ አምስት ድምፆች አሏቸው።

ልቤ ሸፈተ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣውና በንጹሕ ድምፁ የታወቀው ጃዝ ኮረስ አምፕሊፋየር አማረኝ። እርሱ ቢቀር እንኳ የኮረስ ፔዳል ልግዛ ብዬ ለልጃችን ትምህርት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ጠየቅሁ።

ባለቤቴ፣ «መጀመሪያ በእጅህ ያለውን አስተካክል። እሑድ እሑድ ያንተ ጊታር የመዘምራኑን ቃል ይውጠዋል» አለችኝ። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። ያስከፋኝ ነገሩ እውነት መሆኑ ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ልምምድ አብራኝ እንድትመጣ ለመንኳት። አዳራሹ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች፤ ቃሉ ሲጠፋባት እጇን ታነሣለች። እኔም ዲስቶርሽኑን አጠፋሁ። ጌይን የሚባለውን ማዞሪያ ከአሥር ወደ ሁለት አወረድሁ፤ ጌይን ሲበዛ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጥና ይሻክራል። ጉልበቱን በቮልዩም መለስሁት። ቤዝ፣ ሚድና ትሬብልን ከመካከል ጀመርሁ፤ ከቤዝ ጊታሩ ጋር እንዳይጋፋ ቤዙን ቀነስሁ። ፒክአፑን ወደ መካከል አዞርሁ፤ የዛጉትንም ክሮች ቀየርሁ።

አሁንም እጇ ተነሣ። አምፕሊፋየሩ መሬት ላይ ስለነበር እኔ የምሰማው በእግሬ በኩል የሚያልፈውን ድምፅ ነበር፤ ስለዚህ ሳላውቀው ከልክ በላይ አስጮኸው ነበር። ወንበር ላይ አውጥቼ ወደ ጆሮዬ አዞርሁትና ድምፁን ቀነስሁ። ከዚያም ስድስቱንም ክር አንድ ላይ ከመምታት ይልቅ ሁለት ሦስቱን ብቻ እየነካሁ ለዘማሪዎቹ ቦታ ተውሁ። እጇ አልተነሣም። ሲያልቅ መጥታ፣ «ዛሬ ቃሉንም ጊታሩንም ሰማሁ» አለችኝ።

አዎን፣ ንጹሕ ድምፅ ስሕተትን አይሸፍንም፤ ጣቴ ሲሳሳት ሁሉም ይሰማዋል። ስለዚህ ከቀድሞው ይልቅ እለማመዳለሁ። ፔዳሉን እስከ ዛሬ አልገዛሁም፤ ልጃችንም መስከረም ላይ ትምህርቱን ጀምሯል።

እርስዎስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከአዳራሹ መጨረሻ ተቀምጦ እውነቱን የሚነግርዎት ሰው አለ? ካለ፣ እጁን ሲያነሣ አይቆጡት።